የአሮጌ ላንድክሩዘር ማርሚታ ሲያፈስ፦ ብየዳ ወይስ ቅያሪ?

ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የሚያፈስ መኪና ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ «ጠክ ጠክ» ይላል፤ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ብረቱ በሙቀት ሲሰፋ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ነው። ባለ 6 ሲሊንደሩ የ4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ላይ ይህን ከሰማችሁ ጥላሸት ፈልጉ፤ ጭሱ የሚያመልጥበትን ቦታ እሱ ያሳያል።

ቀዳዳው ከወለሉ ሥር ባለው ቱቦ ላይ ከሆነ ብየዳን እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ የትም ከተማ ይሠራል። ባትሪውን መፍታት ብቻ አትርሱ። ቱቦው በዝገት ከሳሳ ግን ኤሌክትሮዱ (የብየዳው ዘንግ) ራሱ ይበሳዋል፤ ያኔ የተበላውን ቆርጦ አዲስ ቁራጭ መቀጠል ነው።

ሞተሩ ላይ የታሰረው ማኒፎልድ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን ጭስ ሰብስቦ ወደ ቱቦው የሚያስገባው ክፍል፣ ሲሰነጠቅ ነገሩ ሌላ ነው። ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት) ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ ሲቀዘቅዝ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ቀድሞ ማሞቅ፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ፣ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ የሚታገሥ በያጅ ካላገኛችሁ አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ያገለገለ ደህና ማኒፎልድ ፈልጉና በአዲስ ጋስኬት (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ቀይሩት። መስኮት ከፍቶ መንዳት እንደ ጥገና አይቆጠርም፤ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።

በቅያሪው ትዕግሥት የሚፈትነው የዛገው ብሎን ነው። ማታውን ዘይት ጠጥቶ ካላደረ፣ ጠዋት ቁልፍ ሲገባበት ይሰበራል።