ለአድማ ብላችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ ከመግዛታችሁ በፊት (ከ5 ኮከብ 2)

ለእህቴ ሰርግ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ትኬት ቆርጬ ነበር፣ የአየር መንገዱ ሰራተኞች አድማ ጠሩ ሲባል ደንግጬ በዛው ማታ በስልኬ ኢንሹራንስ ገዛሁ፣ 38 ዩሮ፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። በረራው ተሰረዘ። ኢንሹራንሱን ክፈሉኝ ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ መስመር ብቻ፦ አድማው ኢንሹራንሱን ከመግዛትህ በፊት ታውጇል፣ አይሸፈንም። ውሉን ገልጬ ሳይ እውነትም አለ፣ በጉንዳን በሚያክል ፊደል። ትኬት የቆረጣችሁ ቀን ግዙት፣ አለቀ።

ሁለቷን ኮከብ የሰጠሁት የኢንሹራንሱን ስልክ ላነሳችው ልጅ ነው፣ ሀበሻ ሆና ተገኘች። «ወንድሜ እኛ ጋ አትድከም፣ አየር መንገዱን ጠይቅ» አለችኝ። ለካ ከአውሮፓ ህብረት አገር ስትነሳ አድማው የራሱ የአየር መንገዱ ሰራተኞች ከሆነና በመጨረሻ ሰዓት ከሰረዘብህ ካሳ አለው፣ ከ3500 ኪሎሜትር በላይ ለሆነ በረራ 600 ዩሮ። ያደሙት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ቢሆኑ ግን ካሳ የለም፣ ሆቴል፣ ምግብና ሌላ በረራ ግን ግዴታቸው ነው። እኔ የሆቴሉን ከኪሴ ከፍዬ ደረሰኙን ልጥለው ነበር እኮ! ካሳውን ጠይቄ እየጠበኩ ነው። ሰርጉ አመለጠኝ፣ ለመልሱ ደረስኩ።