አዳማ ላይ የናፍጣ መኪና ታይሚንግ ቤልት የት ላስቀይር ለምትሉ

ጋራዡ ወደ ወንጂ መውጫ በኩል ነው። ሰሌዳ የለውም። የቆርቆሮ በር፣ በሩ ስር ያረጀ የከባድ መኪና ጎማ፣ ውስጥ ደግሞ ጋቢናው የተገለበጠ አይሱዙ መቼም አይጠፋም። ስም ስለሌለው ስም አልጽፍም፤ የባጃጅ ልጆችን «ፖምፓ የሚሠሩት ሽማግሌ ግቢ» ብትሏቸው ያደርሷችኋል።

የኔ መኪና ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፣ ሞተሩ ፋይቭ ኤል። 2,986 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የማያውቅ። ይሄን ሞተር አገር ምድሩ ስለሚያውቀው የትም ብትሄዱ «እሱማ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ» ነው መልሱ። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ዓይን ተጨፍኖ የሚሠራ ሥራ አይደለማ!

ቀደም ብሎ ሌላ ጋራዥ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ታይሚንግ ቤልቱን፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች በየሰዓታቸው የሚያዞረውን ጥርሳም ቀበቶ፣ ቀይሮልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል እያንገራገረ ይነሳና ነጭ ጭሱን ግቢው ላይ ይለቀዋል። ልብስ ያሰጡ ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉኝ አልነግራችሁም። ሞቅ ሲል ይሻለዋል፣ ግን ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ዳገት ስይዝ ይለግማል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚለኝ። አንዱ ካንዴሌታ (ለማስነሻ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ነው አለ፣ አንዱ ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው)፣ አንዱ ደግሞ ናፍጣው ውሃ አለው። ካንዴሌታው ተቀየረ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ ጭሱ ግን እንዳለ ነው።

እዚህኛው ግቢ ስገባ ሽማግሌው ጭሱን እንኳ ሳያዩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ይሄ ነገር የጀመረህ ቤልቱ ሳይቀየር ነው ከተቀየረ በኋላ?» ከተቀየረ በኋላ ነው ጋሼ አልኳቸው። «እንግዲያው ሌላውን ተወውና ፊቱን እንክፈተው» አሉ። በቃ። ለዚህ ጥያቄ ብቻ ግማሽ ኮከብ ይገባቸዋል፤ ከዚያ በፊት አንድም ሰው አልጠየቀኝም ነበር።

ራዲያተርና ፋኑ ወረደ፣ የክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ፑሊ በመሳቢያ ወጣ፣ የቤልቱ ክዳን ተከፈተ። ውስጥ ያሉት ጥርሳም ፑሊዎች ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የቀድሞው መካኒክ ሥራ ነው። ረዳቱ ልጅ አጎንብሶ አየና «ጋሼ፣ ምልክቱ ሁሉም ገጥሟል፣ ልክ ነው» አለ። ሽማግሌው አልመለሱለትም። ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ነክረው ቀለሙን ማሸት ጀመሩ፣ ቀጥሎ በሽቦ ብሩሽ። ካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ ቀለሙ ሲለቅ ከስሩ የፋብሪካው ጭረት ነበረ፣ ልክ ነው። ፖምፓው ላይ ግን ከቀለሙ ስር ምንም የለም። አጠገቡ፣ አንድ ጥርስ ፈንጠር ብሎ፣ በአመድና በዘይት የተደፈነች ቀጭን ጭረት ወጣች። የስልኬን መብራት አስጠግተው ጥፍራቸውን አስገቡባት። «ይቺ የፋብሪካው ናት» አሉ፣ «ያኛው ሰው የጻፈው ነው።»

ብዙ መካኒክ አሮጌውን ቤልት ከማውረዱ በፊት ቤልቱና ፑሊው ላይ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ጥርስ ቆጥሮ ወደ አዲሱ ያስተላልፋል። ፈጣን ነው፣ ክፋትም የለውም። ግን የሚገለብጠው የነበረውን ነው። ፊት የነበረው አንድ ጥርስ ስቶ ከሆነ ስህተቱም አዲስ ቤልት ለብሶ ይቀጥላል፣ ቀጣዩ መካኒክ ደግሞ ያንኑ ቀለም አምኖ ይገጥማል። የኔ መኪና ላይ ግን ችግሩ የጀመረው ከተቀየረ በኋላ ስለሆነ፣ ቀለሙ ራሱ አንድ ጥርስ ስቶ ነው የተቀባው፤ ረዳቱ ልጅም ያንኑ ቀለም ነበር ያመነው።

ቤንዚን መኪና ለለመደ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አብዛኛው የቤንዚን ሞተር ላይ ክራንኩና ካሙ ከገጠሙ ዋናው ሥራ አለቀ። በዚህ ሞተር ላይ ግን ቤልቱ ሦስተኛ የሚያዞረው አለ፣ የናፍጣ ፖምፓውን። ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭበትን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። ከዘገየ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ነጭ ጭሱ፣ የጠዋቱ አልነሳም ባይነት፣ ዳገት ላይ መለገሙ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከቀደመ ደግሞ ሞተሩ መዶሻ እንደሚመታው ያንኳኳል። ካሙና ክራንኩ ልክ ስለሆኑ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ቤልቱን ትቶ ካንዴሌታ የሚከሰው።

ሽማግሌው ሲሠሩ ዝም አይሉም፣ እያንዳንዱን ነገር ያሳያሉ፣ አንዳንዴ ከልክ በላይ። የክራንኩ ምልክት ገጠመ ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም አሉኝ። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንዴ ስለሚዞር፣ አንደኛው ፒስተን የላይኛው ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ አየር ጨምቆ፣ አንዴ ጭስ አስወጥቶ። ስለዚህ የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ክዳን አንስተው በአንደኛው ሲሊንደር በኩል የካሙ ጉብታዎች ሁለቱንም ቫልቮች እንደማይጫኑ አሳዩኝ። የውጭው የክራንክ ፑሊ ላይ ያለውን ጭረት ደግሞ ቶሎ አያምኑም። መሃሉ ላይ ጎማ ያለው ፑሊ ከሆነ ጎማው ሲያረጅ የውጭው ቀለበት ይንሸራተታል፣ ጭረቱም አብሮት ይሄዳል። እሳቸው የሚያዩት ውስጥ ያለውን የቤልቱን ጥርስ ነው።

ከዚያ ፖምፓው። ቤልቱ ሲላላ በውስጡ ባለው ስፕሪንግ ተገፍቶ በራሱ ፈቀቅ ይላል። አንድ ሰው በቁልፍ ይዞ ምልክቱ ላይ ያቆመዋል፣ ሌላው ቤልቱን ያስገባል። ብቻውን የሚሠራ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ በአንድ እጁ ቤልት፣ በሌላው ቁልፍ፣ ፖምፓው ሾልኮ አንድ ጥርስ ይዘላል፣ ቀና ብሎ ሲያየው ደግሞ የገጠመ ይመስላል።

ሲገጥሙ ጨርሰው «አስነሳው እስቲ» ይሉኛል ብዬ ቁልፉን ይዤ ቆሜያለሁ። አላሉም። ክራንኩ ብሎን ላይ ቁልፍ አስገብተው ቀስ አድርገው በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩት። የሆነ ቦታ ከያዘ በእጅ ይታወቃል፣ ይቆማሉ። በሞተሪኖ ቢሆን ግን ሳይታወቅ ቫልቭ ይታጠፋል፤ ይሄ ሞተር አየሩን 22 እጥፍ ገደማ ነው የሚጨምቀው፣ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ ለተከፈተ ቫልቭ የሚተርፍ ቦታ የለም። ከሁለት ዙር በኋላ ሦስቱም ምልክቶች ቦታቸው ላይ ተመለሱ። አዲሱ ቤልት ላይ የታተሙት መስመሮች ግን የት እንደደረሱ እንጃ። ሳይ ደንገጥ አልኩ። ልጁ ሳቀብኝ፤ መስመሩ ለማስገቢያ ብቻ ነው፣ ቤልቱና ፑሊው የጥርስ ቁጥራቸው ስለማይገናኝ በሁለት ዙር አይመለስም አለ። የሚፈተሸው ፑሊው ነው።

በመጨረሻ ከፖምፓው ጀርባ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ) አስገብተው፣ የፖምፓውን ብሎኖች አላልተው፣ ፖምፓውን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ አስተካከሉት። ሌላ ቦታ ይሄ በጆሮ ነው የሚሠራው።

ከዕቃ በኩልም ሐቀኞች ናቸው። የሄድኩት ቤልት ብቻ ይዤ ነበር። የቴንሽነሩን (ቤልቱን የሚወጥረውን) ኩሽኔታ ጆሮዬ ስር አዙረው አሰሙኝ፣ ያንኮሻኩሻል። ካሙ ላይ ያለው ኦይል ሲልም ያንጠባጥብ ነበር፣ ዘይት ደግሞ ቤልት ይበላል። እነዚህን ራሴ ሄጄ ገዛሁ፣ እነሱ ዕቃ አይሸጡም። የውሃ ፓምፕ ቀይር ያላሉኝም እነሱ ብቻ ናቸው፤ በዚህ ሞተር ላይ የሚዞረው በውጭው ቤልት ስለሆነ ፊቱ ስለተከፈተ ብቻ መቀየር የለበትም። ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው የቲ ቤልት (የታይሚንግ ቤልት) መብራትም ቤልቱን አይታ አይደለም የምትበራው፣ ኪሎሜትር ቆጥራ ነው። 100,000 ሲሞላ ትበራለች፣ ቤልቱ ሲቀየር ወደ ዜሮ ካልተመለሰች ወይም ቆጣሪው ወደኋላ ከተመለሰ ግን ምንም አትነግራችሁም። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ መብራቷን ተማምናችሁ አትቀመጡ።

መኪናው ማታውኑ ተነሳ፣ ጭስ የለም። እሳቸው ግን አልለቀቁኝም። ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ካልተነሳ አልሠራሁም አሉ። ጠዋት ሞተሪኖው ገና ሲነካው ተነሳ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የእጅ ዋጋቸው ከቀድሞው ጋራዥ እጥፍ ገደማ ነው፣ ብትከራከሩም አይቀንሱም፤ ሽማግሌው ዝም ብለው ወደ ሌላ መኪና ይሄዳሉ። «ከሰዓት ይደርሳል» ያሉት ነገር ከሰዓት አይደርስም። ስልክ አያነሱም። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ ግቢው ደግሞ ክፍት ነው፤ ሞተሩ ተከፍቶ ሳለ ሸራ ያለብሱታል፣ ያም ሆኖ አንዳንዴ ይረሱታል፣ ሁለቴ እኔ ነኝ ያለበስኩት። የሚጠበቅበት ጥላ የለም፣ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ነው፣ እሱም ላይ ሁሌ የሆነ ሰው ቴስታታ ያስቀምጥበታል። የቤልቱ ክዳን ላይ አንድ ብሎን ጎድሎ ነበር፣ ካልተናገርኩ እንደጎደለ ይገጥሙት ነበር።

ናፍጣ መርጨታቸው በኮምፒውተር የሚታዘዘውን አዲሶቹን ኮመን ሬል መኪናዎች፣ እነ ዲ ፎር ዲን፣ አይወስዱም። ስካነር የለንም ብለው በግልጽ ይመልሷችኋል። ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል፣ ፋይቭ ኤል ካላችሁ ግን ሳትጠራጠሩ ሂዱ፣ ከተቻለ ጠዋት፣ ምክንያቱም ከሰዓት በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ገብተው ግቢውን ይዘጉታል። የመሥሪያ ቤት መኪና የያዛችሁ አትድከሙ፣ ደረሰኝ የላቸውም። ከአምስት አራት ኮከብ።