ኦርላንዶ በሃሎዊን ሰሞን፦ የዲዝኒው ፓርቲ ወይስ የዩኒቨርሳሉ ሆረር ናይትስ?

ኦርላንዶ ላይ ሃሎዊን ኦክቶበር 31ን አይጠብቅም፣ ኦገስት ሳያልቅ ነው ሚጀምረው። እና በዚ ሰሞን ከዲሲም ይሁን ከአዲስ ሄዶ ቤተሰቡን ላዝናና ያለ ሰው መጀመሪያ ሚገጥመው ጥያቄ ከትልልቆቹ የመዝናኛ ፓርኮች የዲዝኒው ይሻላል ወይስ የዩኒቨርሳሉ ሚለው ነው። ሁለቱም ማታ ነው፣ ሁለቱም በተመረጡ ቀናት ብቻ ነው፣ ሁለቱም ለብቻው ቲኬት አላቸው፣ ማለትም ቀን የገባችሁበት ቲኬት ለማታው አይሰራም፣ የአራት ቀን ቲኬት የገዛ ሰው ራሱ ለዚ እንደገና ይከፍላል። ከዛ ውጪ ግን ብዙም አይመሳሰሉም፣ አንዱ የልጆች ድግስ ነው፣ ሌላው ሰው ለማስጮህ ደሞዝ ሚከፈላቸው ሰዎች ጋ ገንዘብ ከፍሎ መግባት ነው። (ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው ምጽፈው፣ እንዳትሳሳቱ።)

ከዩኒቨርሳሉ ልጀምር። ሃሎዊን ሆረር ናይትስ በ1991 ፍራይት ናይትስ በሚል ስም ተጀምሮ በዓመቱ ነው አሁን ያለውን ስም የያዘው፣ ዛሬ አስር የሚያስፈሩ ቤቶች ይሰሩለታል፣ መንገዱ ላይ ደግሞ ስኬር ዞን ሚሏቸው ቦታዎች አሉ። ቤት ሲባል በእግር ሚታለፍ ጠባብ ኮሪደር ነው፣ ጨለማ፣ ጭስ፣ ብልጭ ድርግም ሚል መብራት፣ ሽታ ሳይቀር ሰርተው ይለቁበታል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ወይ ከግድግዳ ቀዳዳ ድንገት ሰው ብቅ ይላል፣ አይነኩም ግን አፍንጫችሁ ስር ድረስ ይመጣሉ፣ ቆም ብላችሁ ልትስቁ ስትሉ ደግሞ ሰራተኛው ከኋላ ሂዱ ሂዱ ይላል። ውጪ ላይ ቼይንሶው (በሞተር ሚሰራ የሰንሰለት መጋዝ) እያስጮኸ ሚከተላችሁ አለ፣ ሰንሰለቱ እንደተነቀለ እያወቃችሁም እግር ግን አይሰማም፣ ይሮጣል። እኔ እንዲ አይነቱን በጣም ነው ምወደው ስለዚ ዳኝነቴ ላይ ትንሽ አድልዎ ቢኖር አይግረማችሁ።

ችግሩ አንድ ቤት አራት ደቂቃ ምናምን ነው ሚፈጀው፣ ሰልፉ ግን ኦክቶበር አርብና ቅዳሜ ከአንድ ሰዓት አልፎ ሁለት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ሂሳቡን አስቡት፣ ከማታው 12 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቆማችሁ ግማሹን ቤት ካያችሁ ጥሩ ነው። ለዚ ነው ኤክስፕረስ ፓስ ሚባለውን ሰልፍ ማሳጠሪያ ቲኬት ለብቻው ሚሸጡት፣ እና ይሄ ኤክስፕረስ ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ራሱ ይበልጣል። በቃ እዚጋ ነው ሰው ሚሸወደው፣ ማስታወቂያው ላይ ከዲዝኒው ርካሽ ዋጋ ያያል፣ ይገዛል፣ ገብቶ ሰልፍ ላይ ያድራል።

የዲዝኒው ግልባጩ ነው። ሚኪስ ኖት ሶ ስኬሪ ሃሎዊን ፓርቲ ማጂክ ኪንግደም ሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው፣ ዋጋው ሲታይ ያስደነግጣል፣ በ2024 እንደየቀኑ ከ119 እስከ 199 ዶላር ነበር፣ በ2025 የላይኛው 229 ገባ፣ ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ አስር ዶላር ብቻ ነው ሚቀንሱት፣ ከ3 በታች ነፃ። ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ በ2025 ዋጋ ርካሹ ቀን 456፣ ውዱ ቀን ደግሞ 896 ዶላር ነው፣ ታክሱ ገና ነው። ውዱ እንግዲህ ወደ ሃሎዊኑ ዕለት ሲጠጋ ነው፣ ርካሹ ኦገስት ላይ፣ ፓርቲው ግን ያው ፓርቲ ነው፣ ያው ፓሬድ ያው ርችት፣ ስለዚ የልጆቹ ትምህርት ካላስቸገረ ቀደም ያለ ቀን ያዙ ነው ምላችሁ። ዋናው ነገር ከገባችሁ በኋላ ከምግብ ውጪ ሌላ ክፈሉ ሚላችሁ የለም፣ ከረሜላው በየማዕዘኑ ይታደላል፣ ሾው አለ፣ ርችት አለ፣ መጫወቻዎቹም ቀን ካለው በጣም ያነሰ ሰልፍ ነው ያላቸው።

ፓርቲው ማታ 1 ሰዓት ጀምሮ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል፣ ግን በፓርቲው ቲኬት ከ10 ሰዓት ጀምሮ መግባት ይቻላል። ስለዚ በዛው ቀን ለማጂክ ኪንግደም የቀን ቲኬት መግዛት ብር ማቃጠል ነው፣ ጠዋት ሆቴል ዋና ይዋኙ፣ ልጆቹም ትንሽ ይተኙ።

ፓሬዱን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። መጀመሪያ ራስ የሌለው ፈረሰኛ በእውነተኛ ፈረስ ዱባውን ይዞ ብቻውን ያልፋል (መንገዱ እርጥብ ከሆነ ግን አይወጣም)፣ ቆይቶ ደግሞ መቃብር ቆፋሪዎቹ ይመጣሉ፣ አካፋቸውን አስፋልቱ ላይ እየጎተቱ ሲጨፍሩ እሳት ብልጭ ይላል፣ ሕፃኑም አዋቂውም አፉን ከፍቶ ነው ሚያየው። ሁለት ጊዜ ነው ሚያልፈው፣ የመጀመሪያው ላይ ሰው ይጋፋል፣ ልጆቹ እንቅልፍ ከቻሉ ሁለተኛውን ጠብቁ።

ዕድሜ ላይ ልምጣ። ዩኒቨርሳል ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንመክርም ይላል፣ አንመክርም ነው እንጂ በር ላይ ሚመልስ የለም፣ ውሳኔው የናንተ ነው፣ ደም አለ፣ መጠጥም በየቦታው ይሸጣል። ኮስቲዩምና ማስክ ደግሞ ክልክል ነው፣ ማን ተዋናይ ማን እንግዳ እንደሆነ እንዳይምታታ ይመስለኛል። ዲዝኒ ጋ ኮስቲዩም ለሁሉም ይፈቀዳል፣ ከ14 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ግን ማስክ የለም፣ መሬት ሚጎተት ልብስም አይሆንም። የ8 ዓመት ልጅ ካላችሁ እዚጋ ምርጫው አለቀ ማለት ነው። የ16 ዓመት ልጅ ካላችሁ ደግሞ ዲዝኒ ብትወስዱት ሙሉ ማታ ስልኩ ላይ ነው ሚውለው፣ ዩኒቨርሳል ውሰዱት።

የሃሎዊን ነገር እኛ ቤት ሁሌ ጭቅጭቅ አለው፣ ሰይጣን ማክበር ነው ሚል አለ፣ ጨዋታ ነው ሚል አለ፣ እሱ ውስጥ አልገባም፣ ግን ልዩነቱን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ዲዝኒው ዱባና ከረሜላ ነው፣ ዩኒቨርሳሉ ላይ ግን አጋንንት ምናምን ሚታይበት ቤት አይጠፋም። ከአዲስ የመጡ እናት አብረዋችሁ ካሉ ዩኒቨርሳሉን እርሱት፣ ቤት ስትመለሱ ጠበል ይረጭ ነው ሚሉት።

ሌላ ብዙ ሰው ማያስበው ነገር፣ የጽጌ ፆም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ ኦክቶበርን ከሞላ ጎደል ይሸፍነዋል፣ ሚፆም ሰው ካለ ዲዝኒ ሜኑ ላይ የቅጠል ምልክት ያለበትን ይዘዝ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነውን ነው ሚያመለክተው። ከረሜላው ግን ብዙው ቸኮሌት ነው፣ ወተት አለው፣ ለልጆቹ ይተውላቸው። አለርጂ ያለበት ልጅ ካለም ንገሯቸው፣ ለሱ ሌላ ከረጢት አላቸው።

መውጫው ላይ ዩኒቨርሳል ይሻላል፣ ከፓርኪንጉ በእግር ነው ምትገቡት ምትወጡት። ማጂክ ኪንግደም መኪና ሚቆመው ፓርኩ በር ላይ አይደለም፣ ሞኖሬይል ወይ ጀልባ መያዝ አለባችሁ፣ እኩለ ሌሊት ላይ እንቅልፍ የጣለው ልጅ ትከሻችሁ ላይ ሆኖ የልጅ ጋሪ እየገፋችሁ የጀልባ ሰልፍ መቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፓርቲው ሳያልቅ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መውጣት ይሄን ያስቀራል።

ዩኒቨርሳልን ከመረጣችሁና ኤክስፕረስ አንገዛም ካላችሁ ሴፕቴምበር ላይ ረቡዕ ወይ ሐሙስ ሂዱ። የቀን ቲኬት ካላችሁ ደግሞ ፓርኩ ለቀን ሰው 11 ሰዓት ላይ ሲዘጋ አትውጡ፣ የማታ ቲኬት ያላቸው ውስጥ ሚጠብቁበት ቦታ አለ፣ ውጪ ያለው ሰው ሳይገባ የተወሰኑ ቤቶችን ይከፍቱላችኋል፣ ያቺ ሰዓት ወርቅ ናት። ኦክቶበር ቅዳሜ ብቻ ነው ምንችለው ካላችሁ ግን ኤክስፕረሱን ከመጀመሪያው ባጀት ውስጥ ክተቱ፣ ያለሱ እኔ የዛን ቀን ቲኬት አልገዛም።

ለሁለቱም ሚሆን፦ ሴፕቴምበር ኦርላንዶ ሙቀት ነው፣ ከሰዓት ዝናብ አይቀርም፣ የሀሪኬን ወቅቱም እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው፣ በ2024 ኦክቶበር ሀሪኬን ሚልተን ሲመጣ ሁለቱም ፓርኮች ዘግተው ነበር። ስለዚ ማታውን ጉዞው መጨረሻ ላይ አታድርጉት፣ መጀመሪያው ላይ ያዙት፣ ቢሰረዝ ሌላ ቀን ማግኘት ይቻላል።

ሁለቱም ኪስ ከጎዳ ሲወርልድ ኦርላንዶ ስፑክታኩላር ሚለው የልጆች ሃሎዊን አለው፣ ሌጎላንድ ፍሎሪዳም ብሪክ ኦር ትሪት አለው፣ ሁለቱም በቀን መግቢያው ውስጥ ናቸው፣ ተጨማሪ አይጠይቁም። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ዲዝኒላንድ ፓሪስ ኦክቶበር ላይ የሃሎዊን ጌጡና ፓሬዱ በተራ የቀን ቲኬት ነው ሚታየው፣ ለሱ ብላችሁ አትላንቲክን አታቋርጡ።