ፈንክሽናል ሜዲሲን ክሊኒክ፦ ጆሯቸው ግሩም፣ መደርደሪያቸው ውድ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ስላለ አንድ የፈንክሽናል ሜዲሲን ክሊኒክ ነው የምነግራችሁ። ፈንክሽናል ሜዲሲን ማለት ምልክቱን ብቻ ሳይሆን የበሽታውን መነሻ እፈልጋለሁ የሚል የሕክምና አካሄድ ነው። ስሙ ይቆይ። ነርስ ነኝ፣ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። ድካምና የሆድ መነፋት አልለቅ ብሎኝ ነበር። መደበኛ ሐኪሜ ደሜን አይቶ "ሁሉም ኖርማል ነው" ብሎ ሸኘኝ።

እዚህ ግን ዶክተሯ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብላ አዳመጠችኝ። ኮምፒውተሯ ላይ አላፈጠጠችም። ከተወለድኩ ጀምሮ የደረሰብኝን ሁሉ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ደረደረችው፤ የልጅነት ወባ፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ የተዋጠው አንቲባዮቲክ፣ ወሊድ፣ የማታ ሥራ። ድካሙ ከየትኛው በኋላ እንደመጣ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ታይምላይን ይሉታል። እነ ጄፍሪ ብላንድ በ1991 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የፈንክሽናል ሜዲሲን ኢንስቲትዩት የሚያስተምረው መሣሪያ ነው።

ስለ ጾምም ጠየቀችኝ። ዓመቱን ግማሽ ያህል ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማልቀምስ ስነግራት ወዲያው የቫይታሚን ቢ12 የደም ምርመራ አዘዘች። ዝቅ ብሎ ተገኘ። ማንኛውም ሐኪም ሊያዘው የሚችል ተራ ምርመራ ነው። ግን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ቀጥላ ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን፣ ለጊዜው ተዪ አለችኝ። እንጀራ ግን ይፈቀዳል፣ ጤፍ ነው፣ ግሉተን የለውም አለች። እዚህ ሱቅ ከሚሸጠው እንጀራ ብዙው ገብስ ወይም ስንዴ እንደሚገባበት ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ጻፈችው፣ ደስ አለኝ።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ኢንሹራንስ አይቀበሉም። የመጀመሪያው ቀጠሮ ብቻ ከ400 ዶላር በላይ ከኪስ ነው። በዚያ ላይ የትኛው ምግብ እንደማይስማማኝ ያሳያል ብለው አይጂጂ (IgG) የሚባል የደም ምርመራ ሊጨምሩልኝ ፈለጉ፤ እምቢ አልኩ። የአሜሪካ የአለርጂ፣ የአስምና የኢሚዩኖሎጂ አካዳሚ ራሱ አትጠቀሙበት ይላል። ምግቡን መብላታችሁን ያሳይ ይሆናል እንጂ እንደማይስማማችሁ አይናገርም።

ሪሴፕሽኑ አጠገብ ደግሞ የሰፕልመንት መደርደሪያ አለ። ያዘዘውም የሚሸጠውም አንድ ቤት ሲሆን እኔ አይዋጥልኝም። ለፀጉር ተብሎ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ሰጡኝ። ባዮቲን በብዛት ሲወሰድ የታይሮይድን እና የልብ ጉዳት የሚታወቅበትን የትሮፖኒን ምርመራ ሊያዛባ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2017 እ.ኤ.አ. ባዮቲን የላብራቶሪ ውጤት እንደሚያዛባ አስጠንቅቋል። ታይሮይዴን ሊመረምሩ ቀጠሮ ይዘውልኝ ስለዚህ ትንፍሽ ያለ የለም። ሙያዬ ባይሆን በምን አውቀው ነበር?

ስለ ፈንክሽናል ሜዲሲን ሥልጠና ለምትጠይቁኝ የሙያ ጓደኞቼ፦ ኢንስቲትዩቱ ሐኪም ብቻ ሳይሆን ነርስና የሥነ ምግብ ባለሙያም ያሠለጥናል። ሰርተፊኬቱ ግን ላይሰንስ አይደለም። የአሜሪካ የስፔሻሊቲ ቦርዶች ፈንክሽናል ሜዲሲንን እንደ ስፔሻሊቲ አልተቀበሉትም። ነርስ ሆናችሁ ገብታችሁ ነርስ ሆናችሁ ትወጣላችሁ። የበሽተኛ ታሪክ አጠያየቁን ለመማር ግን ይጠቅማል ባይ ነኝ። በኦንላይን ማንንም ተቀብሎ "የጤና ኮች" (የጤና አማካሪ) አደርጋለሁ ለሚለው ሥልጠና ግን ገንዘባችሁን አታብሉ።

እኔ አሠሪዬ ከከፈለልኝ እመዘገባለሁ። ከኪሴ ግን አላወጣም።