ያገለገለው ዴስክቶፕ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፦ ማዘርቦርዱ አልተቃጠለም

ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባለችው የጽሕፈት ቤቴ አንዲት እናት የውርስ ማመልከቻቸውን ሊያስጽፉ ተቀምጠዋል፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ችሎት አለባቸው። ኮምፒውተሩን አበራሁት። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ሞኒተሩ ግን «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ጨለመ። ከሳጥኑ ውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ እያረፈ ይመላለሳል። «ልጄ፣ ይደርስልኛል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሁለተኛ ጊዜዬ ነበር። ኮምፒውተሩን በገዛሁ በአራተኛው ወር እንዲሁ ሲሆን ተሸክሜ ጥገና ቤት ወስጄዋለሁ። ጠጋኙ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ፤ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትን ዋናውን ሰሌዳ ማለቱ ነው። በማግስቱ ሠርቶ ሲመልስልኝ 3,500 ብር ከፈልኩ፤ ምኑን እንደቀየረ ብጠይቀው ግን ሊያሳየኝ አልፈለገም። ሻጩም ስደውልለት «አሮጌ ዕቃ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ጨምሪና አዲስ ላፕቶፕ ውሰጂ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እኔም አምኜው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በግዢዬ ስጸጸት ከረምኩ።

ስለ ዕቃው ብዙ የምለው የለኝም። በጥቅምት 2017 በ19,000 ብር የገዛሁት፣ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የመጣ፣ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰርና ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያለው ነው። ቀኑን ሙሉ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እጽፍበታለሁ፣ አትምበታለሁ፤ ከእነዚያ ሁለት ጊዜያት በቀር አስቸግሮኝ አያውቅም።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። መጀመሪያ የሞኒተሩን ኬብል ነቅዬ በጎረቤቴ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት፤ ሥዕሉ ወዲያው መጣ። ስለዚህ ሞኒተሩም ኬብሉም ጤነኛ ናቸው። ቀጥዬ የኪቦርዱን ካፕስ ሎክ ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ትንሿ መብራት አልበራችም። መብራቷ ብትታዘዝ ኖሮ ኮምፒውተሩ ተነሥቷል፣ ችግሩ ሥዕሉን በማውጣት ላይ ነው እል ነበር። ስላልታዘዘች መነሻው ላይ ራሱን ሲፈትሽ አንድ ነገር አስቁሞታል ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ጆሮዬ ወደ ጢጥታው ተመለሰ። ማዘርቦርዱ ሞቶ ቢሆን ይህን ሁሉ የሚጮኸው ማን ነው? ድምፁን ቆጥሬ፣ ስንት ጊዜ ሲጮኽ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ አምራቹ ካወጣው ዝርዝር ጋር አመሳከርኩት፤ ራም የሚል አገኘሁ። ያ ጠጋኝ ይህን ድምፅ ሰምቶታል። መቁጠር ግን አልፈለገም።

ገመዱን ከሶኬት ነቀልኩ፤ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩ። ክዳኑ ያለ ካቻቢቴ ይከፈታል። ውስጡ ከመንገድ ቁፋሮው የገባ ቀይ አቧራ ለብሷል። በሰውነቴ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ የብረቱን ሳጥን በእጄ ነካ አድርጌ ሁለቱን ራሞች አወጣኋቸው። መክተቻው ውስጥ የሚገቡት፣ ወርቃማ መሆን የነበረባቸው ጥርሶች እንደ አሮጌ ሳንቲም ደብዝዘዋል። በነጭ ላጲስ በቀስታ አሸኋቸው፣ ፍርፋሪውን ጠረግሁ፣ መክተቻውን በደረቅ ብሩሽ አጸዳሁ። መጀመሪያ አንዱን ብቻ፣ ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ ገፋሁት። አበራሁ። ጢጥታው ቀረ፤ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ሁለተኛውንም መለስኩ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ማመልከቻውን በሦስት ቅጂ አትሜ ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኑን ከወለል አንሥቼ በርጩማ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እስካሁን ስክሪኑ አንድም ቀን አልጠቆረም።

ስለዚህ ለዚያ ሻጭ መልስ አለኝ። ላፕቶፕ ይሻላል ትለኛለህ። ብዙዎቹ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖች ራማቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ላጲሴን ይዤ የት እደርስ ነበር? ይህን ግን በደንብ ጠግኜ ሥራዬን ቀጥያለሁ። አንድ ቅሬታ ቢኖረኝ ስትሸጥልኝ ያልነገርከኝ ነገር ነው፦ ዊንዶውስ 11 ይህን የፕሮሰሰር ትውልድ በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 የሚያበቃ ነበር። ይህ ዋጋ ላይ መታሰብ ነበረበት፤ ተበድያለሁም እላለሁ። በኮምፒውተሩ ግን አልጸጸትም።

ባለፈው ሳምንት ለረዳቴ ተመሳሳዩን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ከመክፈሌ በፊት ክዳኑን አስከፈትኩ፤ ራሙን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው።