የ11 ዓመት ደብዳቤዎቻችንን ለመለሰልን የጅማ ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው በሄርማታ መርካቶ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ለሠራልን ሥራ በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ችግር ለሚገጥማችሁ የጅማ ነዋሪዎች ለመጠቆም ነው።

የሊሙ ቡና በምናቀርብበት ትንሽ ቢሮ ከገዢዎች ጋር የምንጻጻፈው ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ሲሆን፣ የናሙናው፣ የውሉ፣ የባንክ ሰነዱና የጭነቱ ደብዳቤ በየፎልደሩ ተለይቶ ለ11 ዓመት ተቀምጦ ቆይቷል። ኢሜይሉ ፖፕ በተባለው ዘዴ ወደ ኮምፒውተሩ የሚወርድና በሰርቨሩ ላይ ቅጂ የማይተው ስለነበር፣ ደብዳቤዎቹ ከዚያች አንዲት ኮምፒውተር በቀር የትም አይገኙም። ባለፈው ወር ሌላ ጠጋኝ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ሲጭነው ግን ባዶ ሆኖ ተከፈተ፤ ሰውየውም «አብሮ ጠፍቷል» ብሎ አሰናበተን። ከገዢ ጋር ክርክር ቢነሳ በእጃችን ያለው ማስረጃ ይኸው ብቻ በመሆኑ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወጣቱ ምንም ሳይነካ አስቀድሞ «ጋሼ፣ የተቀየረው ዊንዶውሱ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ብቻ?» ሲል ጠየቀኝ። ፕሮግራሙ ብቻ መሆኑን ስነግረው «እንግዲያው አይስጉ፤ ፕሮግራሙ ቢጠፋም ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ደብዳቤዎቹ የተቀመጡበት ማኅደር፣ በቦታው ይቀራል» አለኝ። ዊንዶውስ ደብቆ ወደሚያስቀምጠው አፕዳታ ወደተባለው ፎልደር ገብቶም ሁለት ፕሮፋይሎች አሳየኝ፤ አንደኛው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሲሆን ሁለተኛው ከ7 ጊጋባይት ይበልጣል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ2019 ወዲህ በወጡት ስሪቶች፣ ፕሮግራሙ ከቀድሞው በተለየ ቦታ ሲጫን አሮጌውን ትቶ የራሱን አዲስ ፕሮፋይል ሊከፍት እንደሚችል ያስረዳኝ ያኔ ነው።

እንዳምነው ብሎ «ናሙና» የተባለው ፎልደር ደብዳቤዎች ያሉበትን ፋይል ተራ ጽሑፍ በሚያነበው ኖትፓድ ከፈተልኝ። የአባሪዎቹ ቦታ ትርጉም በሌለው የፊደል ክምር ቢሞላም፣ በመካከሉ አንድ ገዢያችን ከዓመታት በፊት ስለ ታጠበ ቡና የጻፈልን መልእክት ቃል በቃል ይነበብ ነበር። ያን ሳይ የተሰማኝን እፎይታ በጽሑፍ ለመግለጽ ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ያሳየው ጥንቃቄ ነው ይህን ምስጋና ያስጻፈኝ። ተንደርበርድን ዘግቶ አሮጌውን ፕሮፋይል በሙሉ ወደ ፍላሽ ሊገለብጥ ሲል የገቢ ደብዳቤው ፋይል አልገባም አለ፤ ፍላሹ ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ በመሆኑ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ይህ ገደብ በሌለበት በኤክስፋት የተዘጋጀ ሌላ ፍላሽ ከራሱ አውጥቶ ጀመረ። በመካከል መብራት ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣም በግማሽ የተገለበጠውን ጥሎ ከመጀመሪያው ገለበጠ፤ የሁለቱ መጠን እስከ መጨረሻዋ ባይት እኩል መሆኑን ሳያረጋግጥም ወደሚቀጥለው አልሄደም። የየፎልደሩን ፋይልና ንዑስ ፎልደሮቹን የያዙትን ኤስቢዲ ማኅደሮች ወደ አዲሱ ፕሮፋይል ሲያስገባ፣ ኤምኤስኤፍ የተባሉትን ማውጫዎች ፕሮግራሙ ራሱ መልሶ ስለሚሠራቸው ተዋቸው። አሮጌውን ፕሮፋይል «ቢያንስ ሁለት ወር ይቆይ» ብሎ አልሰረዘውም። ማስረከብ የፈለገውም ከየፎልደሩ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደብዳቤ በገዛ እጄ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው።

ዋጋውን ሥራውን ሳይጀምር ነግሮኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቢፈጅበትም አንድ ብር አልጨመረም። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ሥራህ ይባረክ።

የሱቁን አድራሻ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ወደ እሱ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ማንም ሰው ኮምፒውተራችሁን ፎርማት እንዲያደርግ አትፍቀዱ፤ እሱም ቢሆን ሊመልስላችሁ የሚችለው ፕሮፋይሉ በዲስኩ ላይ እስካለ ድረስ ነው።