ቱሉ ዲምቱ ላይ አሜሪካን ፉትቦል የምታሳየው ካፌ

የፊላደልፊያ ኢግልስን ጨዋታዎች በፈረንጆቹ 2023 የተከታተልኩት ቱሉ ዲምቱ ባለች ትንሽ ካፌ ነው። ቤቷን እመክራለሁ። ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ማኪያቶው አሪፍ ነው፣ ባለቤቱም ኳስ የያዘው ቡድን አስር ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ እንዳለው ለአዲስ ሰው ሳይሰለቹ ያስረዳሉ።

ቡድኑ ግን ልብ ይሰብራል! ከመጀመሪያዎቹ 11 ጨዋታዎች 10ሩን አሸንፎ፣ ከቀሩት 6 ደግሞ 5ቱን ተሸነፈ። መከላከሉ ተበታተነ፤ እሱን የመምራት ሥራ በመሃል ለሌላ አሰልጣኝ ቢሰጥም ምንም አልተሻለም። በጥሎ ማለፉ ታምፓ ቤይ 32 ለ 9 ሸኘው። ያ ጨዋታ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፎ ስለጀመረ ካፌዋ ዝግ ነበረች፣ በጣም ቆጨኝ። የእሁዶቹ ግን ብዙዎቹ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ስለሚጀምሩ ይደረስባቸዋል። ኔትወርኩ አንዳንዴ ይቆራረጣል። ሲያልቅ ታክሲ ስለማይገኝ ከሩቅ የምትመጡ መመለሻችሁን ቀድማችሁ አስቡበት።